አንገቴን ያቀናሁባቸው ወራት

እኛ ሰፈር ስለ ሴት ልጅ የሚነገረው ትልቁ ምስጋና «አንገቷን የደፋች ናት» የሚለው ነው። ይህችን ምስጋና ለማግኘት ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ መሬት መሬት ሳይ ኖሬያለሁ። እንግዳ ሲመጣ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ አገጬን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ነበር የማስታጥበው። ቀና ብዬ የሄድኩ ዕለት እናቴ «ምነው ደረትሽን ነፋሽሳ፣ ዓይን አውጣ» ትለኛለች። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ዝምተኛ ሰው ባዩ ቁጥር «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሁለቱንም እየሰማሁ አደግኩ፤ የሠራብኝ ግን የእናቴ ነው። ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ስገባ ማዳም ገና በሩ ላይ አየት አድርጋኝ «ሙአደባ ናት» አለች፣ ሥርዓት ያላት ማለቷ ነው። ደስ አለኝ። እስቲ አሁን ይሄ ምኑ ደስ ይላል?

ቤቱ ጃሚዓ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ስለ ታታሪ ሴት ሲወራ «ጎንበስ ቀና ብላ» ይባላል፤ እኔ ወላሂ ቀናውን አላስታውሰውም። ሲወለወል ጎንበስ፣ ሲታጠብ ጎንበስ፣ ሲተኮስ ጎንበስ፣ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ስልኬ ላይ ጎንበስ። ዓመታቱ ሲደራረቡ ከአንገቴ ሥር፣ በሁለቱ ትከሻዎቼ መሃል፣ ትንሽ ዳቦ የምታክል እብጠት ወጣች። ፎቶ ስነሳ በሻርፕ እሸፍናታለሁ። እሷስ ትሁን፤ ያስፈራኝ ቀኝ እጄ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ስነሳ ብቻ ይደነዝዝ ነበርና ተኝቼበት ነው እያልኩ አለፍኩት። ኋላ ቀንም ይጠፋብኝ ጀመር። ብርጭቆ ይዤ እሄዳለሁ፣ መልቀቄን የማውቀው ግን ወለሉ ላይ ሲከሰከስ ነው።

ማዳም «ዓይንሽ የት ነው?» ትለኛለች። ዓይኔ ምንም አልሆነም። እጄ ነው ብዬ ግን አልነገርኳትም፣ የምነግርበትም ምክንያት አልነበረም፤ እጅ የሌላትን ሠራተኛ ማን ያስቀምጣል? ኹሩጅ ይመታላትና፣ ማለትም የመጨረሻ የመውጫ ማህተም ፓስፖርቷ ላይ ያርፍና፣ ወደ አገሯ ትሸኛለች። አገር ቤት የሚጠብቀኝ ነገር የለም፤ የሚጠብቁኝ ሰዎች ግን አሉ። እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የሚበሉት ከዚሁ እጅ ነው። ሌላው ሠራተኛ ድብቅ ስልክ ወይም ድብቅ ወዳጅ ይኖረዋል፣ የእኔ ምስጢር አንድ ድንዝዝ እጅ ነበር።

የማዳም እናት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ቤቱ ሁሉ ማማ ከቢራ ነው የሚላቸው፤ ትልቋ እማማ እንደማለት ነው። በዐረብኛ ትንሹም ትልቁም «አንቺ» ስለሆነ እኔም አንቺ እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን አንቱ ናቸው። መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሲመለሱ ሐኪሞቹ፣ ካልተንቀሳቀሱ አልጋ ላይ ይቀራሉ አሉ። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መካ ሄደው በገዛ እግራቸው ጠዋፍ ማድረግ፣ ካዕባን መዞር። በዊልቸር እየተገፉ መዞርን እንደ ቃሬዛ ነው የሚያዩት።

ስለዚህ አንዲት ግብፃዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤት ድረስ እየመጣች ታሠራቸው ጀመር። ዶክቶራ እንላታለን፤ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ማማ ከቢራ በጄ አላሉም። «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት እግሬን እያነሳሁ ልጫወት? ዐይብ ነው፣ ነውር ነው» አሉ። ዶክቶራ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሳቀች። እኔ የሻይ ዕቃ ላነሳ ገብቼ ነበር። አሮጊቷ በአገጫቸው አሳዩኝና «እሷ ከሠራች እሠራለሁ፤ ከተዋረድን አብረን እንዋረድ» አሉ። ማዳም «ያላ፣ ሥሪ» አለችና ትሪውን ተቀበለችኝ። በዚያ ቤት ትሪ ከእጄ የተቀበሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክቶራ ሁለታችንንም ግድግዳ አስደገፈችን። ተረከዝ ግድግዳውን ይንካ፣ መቀመጫ ይንካ፣ ትከሻ ይንካ፣ በመጨረሻ ማጅራት ይንካ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሞክሩት። የእኔ ጭንቅላት ግድግዳው ጋ አልደርስ አለ። በመሃል አንድ ጭብጥ እጅ ያስገባል። ላስጠጋው ስል አገጬ ወደ ጣሪያው ይነሳል፣ ትከሻዬ ይለቃል። ማማ ከቢራ በጎን አዩኝና ሳቁ። «እኔስ አርጅቼ ነው፤ አንቺን ምን ነካሽ?» አሉኝ።

ዶክቶራ አልሳቀችም። ማጅራቴን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ «እጅሽ ይደነዝዛል?» ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ። አይ አልኳት። ቀኝ እጄን አነሳችና ትንሿን ጣቴን ቆነጠጠች፤ አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ መዋሸት ምን ያደርጋል? ማዳም ትሪውን ይዛ ወጥታ ስለነበር ዶክቶራ ነገረችኝ። ወደ እጅ የሚወርደው ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው። ጭንቅላት ከባድ ነገር ነው፤ ወደፊት ተደፍቶ ሲውል አንገት ያንን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ይውላል፣ ነርቩም እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። «ካላቃናሽው እጁ አንድ ቀን ተኝቶ አይነሳም» አለችኝ። ለማዳም እንዳትነግሪብኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ወላሂ አልነግራትም አለች፤ አልነገረችብኝምም።

እንዲህ ነው አብረን መዋረድ የጀመርነው። ዶክቶራ ትመጣና ታሳየናለች፣ በማትመጣበት ቀን ሁለታችን ብቻችንን እንሠራለን። አገጭን ሳያነሱ ወደ ኋላ መሳብ አለ፤ ጉሮሮ ሥር ሁለተኛ አገጭ ያወጣል፣ ማማ ከቢራ በመስታወት አይተው «ፍየል መሰልኩ» እያሉ ያቋርጡብን ነበር። ከኋላ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ማቀራረብ አለ። ክንድን በር መቃን ላይ አስደግፎ አንድ እግር ወደፊት ማውጣት አለ፤ ደረቴ ሲሳብ ያረጀ አቡጀዲ የሚቀደድ ይመስለኛል። የሚለጠጥ ላስቲክ ከበሩ እጀታ ጋር አስረን ወደ ራሳችን እንጎትታለን። መሬት ላይ ተንጋሎ ዳሌን ማንሳትም አለ፤ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳት ለእሳቸው ብቻ ነበር፤ እኔ ግን አጠገባቸው ሆኜ እቆጥራለሁ፣ እያበረታታሁ አስነሳቸዋለሁ። እልኸኛ ናቸው። እኔ ሦስቴ ከሠራሁ አራት ካልሠሩ ምሳ አይበሉም።

ቀስ በቀስ ያ ጭብጥ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ጠበበ፤ መዳፍ ብቻ፣ ከዚያ ሁለት ጣት። እብጠቷ አልጠፋችም፣ ለስለስ አለች። አንድ ቀን ማጠቢያው ጋ ቆሜ የሻይ ብርጭቆ ሳነሳ ጣቴን አቃጠለኝና ጮህኩ። ቀኝ እጄ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጬ መልሼ ነካሁት፤ አቃጠለኝ። ደግሜ ነካሁት። ሰው ጣቱ ተቃጥሎ በደስታ ያለቅሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ማማ ከቢራም ከአልጋ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አሳንሰሩ መሄድ ጀመሩ። በሽታቸውን ረስተው የእኔን አንገት ይቆጣጠሩ ነበር። ጎንበስ ስል ካዩኝ ከወንበራቸው ሆነው በከዘራቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ፣ እኔም ቀና እላለሁ። እናቴ ከመሬት አላነሳ ያለችውን አንገት አንዲት የሰው አገር አሮጊት በከዘራ አነሱት። ያን ጊዜ እሳቸውን እንደምወዳቸው ይታወቀኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው በእንግዶች ቀን ነው። ማዳም ጓደኞቿን ጠርታ እኔ ቀህዋ የሚሉትን የዐረብ ቡናና ተምር ይዤ ገባሁ። ትሪውን ደረቴ ላይ ሳላስደግፍ፣ ትከሻዬን ለቅቄ፣ ዶክቶራ እንዳስተማረችኝ ቀጥ ብዬ ነው የገባሁት፤ ሳላስበው፣ ለምጄው ነው። አንዷ እንግዳ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ማዳም ዞራ «ከሁለታችሁ የቤቱ እመቤት የትኛዋ ናት?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ማዳምም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርሷ ላይ ቀረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠራችኝ። «ራስሽ ትልቅ ሆኗል» አለችኝ፤ ኮርተሻል ማለቷ ነው። «ስትመጪ ሙአደባ ነበርሽ። አሁን ዓይኔን ታዪኛለሽ፣ ደረትሽን ነፍተሽ ትሄጃለሽ። ማነው ጆሮሽ ውስጥ የሚያወራው? ሰው ይዘሻል? ልትጠፊ ነው?»

«ወላሂ ማዳም፣ ማንም የለም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድነው?»

እዚህ ላይ ነው የታነቅኩት። አንገቴን ያቀናሁት ለእጄ ነው ካልኩ እጄን ነገርኳት ማለት ነው። እጄን ከነገርኳት ኹሩጅ። ካልነገርኳት ደግሞ ኩሩ ነኝ፣ ልጠፋ ነኝ፣ ወንድ ይዣለሁ። ዶክቶራ ብትኖር ምናልባት አንድ ነገር ትል ነበር፤ ግን አሮጊቷ ቆመው ስለሄዱ የእሷ ሥራ ኻላስ፣ አለቀ ተብሎ ካቆመች ሰነባብታለች። ማማ ከቢራን ተስፋ አድርጌ ዞር ብዬ አየኋቸው። መስቢሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ መስኮቱን ያያሉ። በልጃቸው ቤት ናቸው፤ እሳቸውም እንደ እኔ ሰው በሰጣቸው ክፍል ነው የሚኖሩት። ያን ዕለት በጣም ቀየምኳቸው።

ማዳም «ወይ እንደ ድሮሽ ትሆኛለሽ፣ ወይ ካፊልሽ ኹሩጅ ያስመታልሻል» አለች። ካፊሌ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣኝ ሰው፣ ባሏ ነው።

ለእናቴ ደወልኩላት። እጄን አልነገርኳትም፤ ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም። ማዳም አንገትሽን አታቅኚ አለችኝ ብቻ አልኳት። እናቴ ሳቀች። «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ይሄ ደግሞ ነገር ሆኖ? ድፊላታ። አንገት መድፋት ምን ያስከፍላል? እንጀራሽ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከእሷ በኩል ሲታይ። እህ ብዬ ዘጋሁት።

ደፋሁላት። ሰውነት ክፉውን ለመልመድ አይሰንፍም፤ በወራት የተቃናው በሳምንታት ተመለሰ። ክፍሌ ገብቼ፣ ማለትም ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍሌ፣ ግድግዳ ተደግፌ ለመሥራት ሞከርኩ። ቀኑን ሙሉ ጎብጠሽ ውለሽ በመኝታ ሰዓት ቀጥ ማለት ቀዳዳ ባልዲ መሙላት ነው። ቀስ በቀስ ተውኩት። ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ መዳፌ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው፤ ሥራዬን አተርፋለሁ ብዬ የምሠራበትን እጅ ጣልኩ። ማማ ከቢራ በከዘራቸው ወለሉን መምታት ትተዋል። ማዳም ግን ደስ ብሏታል። ፊቷ ስለበራልኝም ለዑምራ መካ ሲኬድ እኔም እንድሄድ ፈቀደች።

ጅዳ ስኖር መካን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። ቅርብ ናት፣ ግን ለእኔ ቢጤ ቅርብ የሚባል ነገር የለም። የማዳም ትልቁ ልጅ ነዳ፤ ማዳም ከፊት፣ እኔና ማማ ከቢራ ከኋላ። አሮጊቷ መንገዱን ሁሉ እንደ ሙሽራ ዝም ብለው ነበር። ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ ስንደርስ ልጁ ዊልቸር ላምጣ ቢል ከዘራቸውን አነሱበት። ማዳም «እሺ፣ እሷ ትያዝሽ» ብላ አሳለፈችኝ፤ እሷና ልጇ የአሮጊት እርምጃ ሰልችቷቸው ከፊት ቀደሙ።

ካዕባን ሳይ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያለቅስ ነበር። እኔም ቀና ልል ስሞክር ማጅራቴ አልታዘዝ አለኝ፤ አየሁት፣ ከቅንድቤ ሥር። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፦ ያ ረቢ እጄን መልስልኝ። ስለ ወዲያኛው ዓለም ስለ አኺራም፣ ስለ አባቴም መለመን ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

ብብታቸውን ልይዛቸው ስል ማማ ከቢራ «እንደ በሽተኛ አትደግፊኝ፤ እጄን ብቻ ያዢ» አሉ። ግራ እጄን ሰጠኋቸው። ግራዬን እንዲይዙ ግን በቀኛቸው በኩል ሆኜ የእሳቸውን ቀኝ እጅ መያዝ አለብኝ። እምቢ አሉ። ሐጀረል አስወድ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ትይዩ በደረሱ ቁጥር ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ነጻ መሆን አለበት። «በግራዬ በኩል ነይ» አሉኝ። በግራቸው ሆኜ የምሰጣቸው እጅ ያው ቀኝ እጄ ነው። እዚያ ሕዝብ መሃል ቆሜ ምን ልበላቸው? ሰጠኋቸው፤ ጣቶቻቸውንም በጣቶቼ ቆልፌ ያዝኩ።

መጀመሪያ ላይ መልካም ሄድን። ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ ዶክቶራ ብታያቸው ታጨበጭብ ነበር። በየዙሩ ቀኝ እጃቸው ሲነሳ ድምፃቸውን እሰማለሁ። እኔ እግራችንን አያለሁ፣ ሰው እንዳይረግጣቸው። ዙሩ ሲገፋ ሕዝቡ ጠበቀ፤ ትከሻ በትከሻ ሆነና ወደታች ማየትም አልተቻለም፤ በሁለታችን መሃል የሰው ክንድ፣ የሰው አባያ ይገባል ይወጣል። እኔ ግን አልፈራሁም። እጃቸውን ይዤ ነበራ። እየያዝኩ፣ እየለመንኩ፣ ብዙ ሄድኩ። ድንጋዩ ትይዩ ስንደርስ ድምፃቸውን ስጠብቅ አልመጣም። በወገቤ ጭምር ዞሬ አየሁ። በቀኜ ያለችው የማላውቃት ረጅም ሴት ናት። ጣቶቼ እንደተቆለፉ ነበሩ፣ በመሃላቸው ግን ምንም አልነበረም።

ያ ሕዝብ ወደ ኋላ አያስመልስም። ጮህኩ፤ እዚያ ሁሉም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለምናል፣ የእኔን ጩኸት ማን ይለየዋል? ዙሩን ጨርሼ ካልመጣሁ መመለሻ የለም። ስደርስ ጠባቂዎች ሰውን ከፍለው፣ እብነ በረዱ ላይ የወደቁትን ማማ ከቢራን ከብበዋቸዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ጣሪያ የሌለውን ሰማይ ያያሉ። እግራቸው ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

መካ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ማዳም ፊቴ ቆመች። «ለቀቅሻት?» አለችኝ። ወለሉን አየሁ። «ቀና በይና ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ! ለቀቅሻት ወይ?» የጮኸችው ያኔ ብቻ ነው። አልተቃናልኝም። ለቅቄያቸው እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር፤ ከውስጥ የመጣ ድምፅ አዳነኝ፣ ማዳን ከተባለ። ማማ ከቢራ ከአልጋቸው ሆነው «ተያት፤ እኔ ነኝ የለቀቅኳት። ብቻዬን ልዞር ፈልጌ ነው» አሉ።

በዚያች ቃል ሥራዬ ተረፈ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልቆሙም፤ ሐኪሞቹም በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ አይቀደድም አሉ። ዶክቶራን የጠራት የለም። አሁን ጃሚዓ ባለው ቤት ቀን ቀን የምሠራው እሳቸውን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ነው፣ ሁሉም በማጎንበስ። ማዳም ለእንግዶቿ ስለ እኔ ስታወራ እሰማለሁ፤ ሙአደባ ናት፣ እንደ እሷ ያለ አይገኝም ትላለች።

ለብዙ ጊዜ አልጠየቅኳቸውም። ቤት ማንም ያልነበረ ዕለት ግን፣ ፊታቸውን እየጠረግኩ፣ «ማማ፣ እውነት አንቺ ነሽ የለቀቅሽኝ?» አልኳቸው። እሳቸው ከሆኑ ልቤ ያርፋል፤ ካልሆኑም ልወቀው ብዬ ነው።

«እጄ በእጅሽ ውስጥ አልነበረ?» አሉኝ። «ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ጎንበስ ብዬ ትራሳቸውን ላስተካክል ጫፉን ያዝኩ፤ መያዜን ለማወቅ እጄን በዓይኔ አየሁት።